«ከጀርባው ሌላ ነገር አለ» የሚል ወሬ እንዴት ይመረመራል?

ወረዳ አጠገብ ኮፒ ቤት የከፈተ ሰው የአገሩን ጥርጣሬ በሙሉ ይሰማል። ሰው ወረቀቱ እስኪወጣለት ዝም ብሎ አይቆምም። «ይሄን ሁሉ ኮፒ ምን ሊያደርጉት ነው?» ብሎ ይጀምራል። ከኋላው የተሰለፈው ደግሞ መልስ አያጣም። የፋይዳ፣ ማለትም የዲጂታል መታወቂያው፣ ምዝገባ ከተጀመረ ወዲህማ ቤቴ ግማሹ ኮፒ ቤት፣ ግማሹ ፓርላማ ሆኗል። ልዩነቱ እኛ ጋ ሁሉም ይናገራል።

ይህን የምጽፈው መንግሥትን እመኑ ለማለት አይደለም። መጠርጠር መብት ነው። ግን ጥርጣሬያችሁ የተሳሳተ ቦታ ላይ ካረፈ ትክክለኛው ቦታ ባዶውን ይቀራል። እዚያ ላይ የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል።

በሚጠራጠር ሰው ላይ አትሳቁ

መጀመሪያ ይሄን እንያዝ። በዚህ አገር ጥርጣሬ ከሜዳ አልበቀለም። ደርግ ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ላይ ንጉሡ ታመው አረፉ ብሎ ተናገረ። ሰው አላመነም፤ ገድለዋቸው ነው እያለ ተንሾካሾከ። በ1984 ዓ.ም. አጽማቸው ከቤተ መንግሥት ግቢ ተቆፍሮ ወጣ። በኋላም በደርግ ባለሥልጣናት ላይ በቀረበው ክስ ታፍነው መገደላቸው ተነገረ። ቅርብ ጊዜም አለ። የኤርትራ ወታደሮች ትግራይ ውስጥ የሉም ሲባል ወራት አለፈ። መጋቢት 2013 ዓ.ም. ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ፓርላማ ቀርበው መግባታቸውን ተናገሩ።

ስለዚህ «መንግሥት እንዲህ አያደርግም» ብላችሁ ክርክር ከጀመራችሁ ገና ሳትቀመጡ ተሸንፋችኋል። በሌላ በኩል ግን፣ አንዱ ወሬ እውነት ሆኖ መገኘቱ ለሌላው ወሬ ዋስ አይሆንም። እያንዳንዱ በራሱ ይመርመር።

ወሬውን በወረቀት አስፍሩት

ጆሮ ላይ ያለ ወሬ አይጨበጥም። አንዲት እናት ስልካቸውን ይዘው መጡ። ቴሌግራም ላይ የደረሳቸው የድምጽ መልእክት ነው። ድምጹ የማን እንደሆነ አያውቁም፤ ለእሳቸው የላከችው እህታቸው ናት፤ ለእህታቸው ማን እንደላከ እንጃ። ሰውዬው እንዲህ ይላል፦ ባንክ የሚሠራ ዘመዴ ነው የነገረኝ፣ ፋይዳ የተመዘገበ ሰው ሒሳቡ ሁሉ አንድ ላይ ይታያል፣ ከዚያ ትርፍ ያለው ይወረሳል፣ ፈረንጆቹ አዘዋቸው ነው፣ እስከ ሰኞ ብራችሁን አውጡ።

እናትየውን አስቀምጬ ቃል በቃል አንድ ኤ ፎር ላይ ጻፍኩት። ከዚያ እስክሪብቶ ቀያየርኩ። «ይደረጋል» የተባለውን በሰማያዊ አሰመርኩ። «ለምን» የሚለውን በቀይ። «እናንተ ይህን አድርጉ» የሚለውን በጥቁር። ሞክሩት፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

መጀመሪያ ጥቁሩን እዩ። ጉዳት የሚደርሰው እዚያ ጋ ነው። ገንዘብ አውጡ፣ ልጅ አታስከትቡ፣ ቤት ቶሎ ሽጡ የሚል ወሬ ከሆነ፣ የቀረውን አጣርታችሁ እስክትጨርሱ ምንም አታድርጉ። የቀን ገደብ ያለበት ወሬ በተለይ ያጠራጥር። «እስከ ሰኞ» የሚባለው እንዳታጣሩ ነው። ስንት ሰኞ አልፏል፤ ያው መልእክት ቀኑ ሳይቀየር ዛሬም ይዞራል።

ቀጥሎ ሰማያዊው። የእናትየው ወረቀት ላይ ሁለት ሰማያዊ መስመር ነበር። አንዱ ፋይዳ ከባንክ ጋር ይያያዛል የሚለው ነው። ይሄ እውነት ነው። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ሆኗል። ሌላው ትርፍ ይወረሳል የሚለው ነው። ለዚህ አንድም ወረቀት የለም። ጥሩ ወሬ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ እውነቱን ፊት ያስቀድምና ውሸቱን ከኋላው ያስገባል። ፊተኛውን ስታውቁት ኋለኛውን ሳትፈትሹ ታሳልፉታላችሁ።

ቁጥሩን ጠይቁ

ይህ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

መንግሥት ትልቅ ነገር ሲያደርግ ወረቀት ይተዋል። አዋጅ ከሆነ ቁጥር አለው፣ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ለምሳሌ የፋይዳው አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ነው የሚታተመው፤ ከተጋጩ የበላይ የሚሆነው አማርኛው ነው፤ ስለዚህ ተርጓሚ አያስፈልጋችሁም። የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ከሆነም በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት ፍትሕ ሚኒስቴር ተመዝግቦ ቁጥር ማግኘት አለበት። «አዋጅ ወጥቷል» ላላችሁ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ይሁን። በትሕትና ጠይቁ። ብዙ ወሬ እዚህ ጋ ይቆማል።

«ይኸው ደብዳቤው» ብሎ ፎቶ የሚልክላችሁ ሰው ሌላ ጉዳይ ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ከላይ፣ ከዚያ ለማን እንደሆነ፣ ጉዳዩ፣ ከታች «ከሰላምታ ጋር»፣ ፊርማ፣ ቲተር (የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ያለበት ማህተም)፣ የመሥሪያ ቤቱ ማህተም፣ ግልባጭ ይኖረዋል። ሐሰተኛ የሚሠራው ሰው ብዙውን ጊዜ አዲስ አይጽፍም፤ የቆየ እውነተኛ ደብዳቤ ያገኝና መሀሉን ይቀይራል። ስለዚህ ፎንቱን እዩት። ከላይ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ዋናው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ድንገት ኒያላ ከሆነ ነገር አለ። ማህተሙንም አጉልታችሁ ተመልከቱ። በእጅ የተመታ ማህተም አንድ ጎኑ ይደምቃል፣ ሌላው ይፈዛል፣ ፊርማው ላይ ወይም ቲተሩ ላይ ይደረባል። በስልክ የተለጠፈ ግን ዙሪያው እኩል ነው፤ አንዳንዴም ጽሑፉ ደብዝዞ ማህተሙ ብቻ ጥርት ይላል። ግልባጭ የተባለለት መሥሪያ ቤት ካለ ደግሞ ደውላችሁ ደርሷችኋል ወይ በሉ። ከዚያ ወዲያ ማጣሪያ የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ወረቀት አለመኖሩ ነገሩ የለም ማለት ሁልጊዜ አይደለም። በቃል ትእዛዝ የሚሠራ ብዙ ነገር እንዳለ እናንተም እኔም እናውቃለን። ግን ወረቀት የሌለውን ነገር «ሰምቻለሁ» በሉት እንጂ «ወጥቷል» አትበሉት።

ቀዩ መስመር

አሁን ወደ «ለምን» እንምጣ። ከባዱ ይሄ ነው። ድርጊት ይታያል፤ ሐሳብ አይታይም። ሐሳብ ኮፒ አይደረግም።

እኔ የማደርገው አንድ ዓላማ ብቻ እንዲጻፍ አለመፍቀድ ነው። ቢያንስ ሦስት ጻፉ። መንግሥት የሚለው አንድ። እናንተ የምትፈሩት ሁለት። ሦስተኛው ተራው፣ አሰልቺው ምክንያት ነው፤ ግብር መሰብሰብ፣ የብድር ቀነ ገደብ፣ ኮታ፣ ወይም ዝርክርክነት። ይሄን ሦስተኛውን ማንም አያስታውሰውም።

ደንበኛዬ የሆኑ ጡረተኛ መምህር አሉ። «ፋይዳ ነጮች የሠሩት ሲስተም ነው፤ እኛን ለመቆጣጠር ነው» ይላሉ። መሠረቱ ሞሲፕ የሚባል፣ ሕንድ ባንጋሎር ያለ የትምህርት ተቋም ውስጥ የተሠራ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር እንደሆነ ነገርኳቸው። ፊሊፒንስና ሞሮኮም ይጠቀሙበታል። ጋሼ አሰቡበትና «ገንዘቡስ?» አሉ። ይሄ ጥያቄ ልክ ነው። የዓለም ባንክ በ2016 ዓ.ም. 350 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል፤ የተደበቀ ነገር አይደለም። ታዲያ ወረዳው «ተመዝገቡ፣ ተመዝገቡ» እያለ የሚያዋክበው ስለላ ቸኩሎ ነው ወይስ ከላይ ቁጥር አምጡ ተብሎ? ሁለተኛውን እገምታለሁ። ጋሼ የመጀመሪያውን ይገምታሉ። ቢያንስ ሁለታችንም እየገመትን እንደሆነ እናውቃለን።

«ሲስተም የለም» ሲባልም እንዲሁ ነው። ሰልፉ ወዲያው «ሆን ብለው ነው፣ ሊያሰለቹን ነው» ይላል። እኔ ወዲያው የራሴን ኢንተርኔት አያለሁ። እኔም ጋ ጠፍቶ ከሆነ፣ ሴራው እኔንም ጨምሯል ማለት ነው።

ስንት ሰው ዝም ማለት አለበት?

ብዙ ሰው «ይህን ያህል ምስጢር ሊደበቅ አይችልም» ይላል። አይደለም፤ ሊደበቅ ይችላል። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሱ ብር ይፋ ሲሆን ኖቱ ቀድሞ ታትሞ አልቆ ነበር። ባለ 200 ብር ኖት እንደሚመጣ እኛ ቀድመን አልሰማንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይመራ ሲባልም እንዲሁ ሰኞ ጠዋት ተነስተን ነው የሰማነው፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ።

ግን እነዚህ ምስጢሮች ምን ዓይነት እንደሆኑ እዩ። የሚያውቋቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ የሚቆዩትም ለአጭር ጊዜ ነው፣ ቀኑ ሲደርስም ራሱ መንግሥት ያወጣቸዋል። በየወረዳው ያለ መዝጋቢ፣ የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ የኔትወርክ ባለሙያ ሁሉ ለዓመታት አፉን ዘግቶ መቆየት ያለበት ምስጢር ግን ሌላ ነው። የእኛ ወረዳ የሠራተኛ ዝውውር እንኳ ደብዳቤው ሳይፈረም ቡና መጠጫው ጋ ይወራል።

እጃችሁ ላይ ያለውን ተመልከቱ

አንዳንዱ ወሬ ቢሮ ሳትሄዱ ይጣራል። «ቁጥሩ ውስጥ 666 አለ» ያሉኝ እናት ነበሩ። ካርዳቸውን ተቀብዬ አሃዞቹን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። የለም። የጎረቤታቸው ላይ ሦስት ስድስት ተከታትሎ ቢወጣስ? የብዙ ሚሊዮን ሰው ረጅም ቁጥር ውስጥ አንዳንዱ ላይ መውጣቱ አይቀርም፤ ስልክ ቁጥርም ላይ አለ። የሃይማኖት ፍርሃታቸውን ግን አልነካሁም። እሱን ለንስሐ አባታቸው ተውኩ፤ የእኔ ሥራ ማንበብ ነው።

«ብሔር ለመቁጠር ነው» የሚለውም አለ። የድሮውን የቀበሌ መታወቂያና የፋይዳውን ካርድ ጎን ለጎን አስቀምጡ። «ብሔር» የሚል መስመር ያለው የድሮው ላይ ነው። ፋይዳው ላይ የለም። በስምና በአድራሻ መገመት ይቻላል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ግን ያ የሌላ ጥያቄ መጀመሪያ ነው፤ ማን ያያል? ለማን ይተላለፋል? የአሥሩ ጣት አሻራና የዓይን ምስል ተወስዷል፤ ቢሰረቅ እንደ ይለፍ ቃል አይቀየርም። በእኔ ግምት መጨነቅ ያለብን እዚህ ላይ ነው። በፈቃደኝነት ነው የተባለው ምዝገባ ባንክ በር ላይ እንዴት ግዴታ እንደሆነም መጠየቅ አለበት። አውሬና ምልክት ስንል ይሄን ሳንጠይቅ አመት አለፈ።

ቤተሰብ ግሩፕ ላይ

አጎታችሁ የላኩትን ወሬ ግሩፑ ፊት «ውሸት ነው» አትበሉ። ታላቅ ሰውን በልጆቹ ፊት ማሳፈር ነው፤ ከዚያ በኋላ እውነትም ብትናገሩ አይሰሟችሁም። በግል ደውሉ። «ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው የላከልዎት?» ብላችሁ ጀምሩ። ቀጥሎ «ምን ቢያዩ ሐሰት ነው ይላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። መንግሥት ካስተባበለ «ይኸው ደነገጡ»፣ ዝም ካለ «ይኸው አመኑ» የሚሉ ከሆነ፣ እዚያ ላይ ክርክሩን ተዉትና ስለ ጤናቸው ጠይቁ። የማያሸንፉት ክርክር ነው።

ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጉት

አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ነው። ስለ ራሳችሁ የተያዘ መረጃ ምን እንደሆነ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ለሚጠይቁኝ ሰዎች የምጽፍላቸው ማመልከቻ ይህ ነው፤ ገልብጡት፦

«ጉዳዩ፦ ስለ ግል ዳታዬ እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ። በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት፣ በመሥሪያ ቤታችሁ የተያዘው የግል ዳታዬ ምን ምን እንደሆነ፣ ለምን ዓላማ እንደሚውል፣ ለየትኛው ሌላ ተቋም እንደተላለፈና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከሰላምታ ጋር።»

ሁለት ቅጂ አሳትሙ። በእጃችሁ መዝገብ ቤት ስጡ እንጂ ለዘበኛ ትታችሁ አትሂዱ። የተቀበለው ሠራተኛ በሁለተኛው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፎ ይፈርም። «አያስፈልግም» ካለ ቆማችሁ ጠብቁ። መልስ ካልመጣ ያንኑ ቅጂ ይዛችሁ አዋጁን እንዲያስፈጽም ሥልጣን ወደተሰጠው ወደ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ወይም ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ትችላላችሁ። ኦሪጅናሉን አትስጡ፤ ኮፒውን ስጡ።