የቤተሰብ በጎ አድራጎት ድርጅት የትውልድ አካባቢን ኢኮኖሚ የሚደግፍበት መንገድ

ኑሮው የተደላደለ ቤተሰብ በወላጆቹ መታሰቢያ ድርጅት ሲያቋቁም ገንዘቡ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ግንባታ ነው። ሁለቱም ተገቢ ናቸው፤ ዓላማው የነዋሪውን ገቢ ማሳደግ ከሆነ ግን ሥራው መጀመር ያለበት የአምራቹ ልፋት ዋጋ የሚያጣው የት ላይ እንደሆነ በመለየት ነው።

ለምሳሌ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የሚገኘውን፣ በሩዝ የሚታወቀውን የፎገራን ሜዳ እንውሰድ። ሩዙ መሬት ላይ በበሬ ሲወቃ አፈርና ጠጠር ይቀላቀልበታል፤ በሚገባ ሳይደርቅ ወይም ከልክ በላይ ደርቆ አሮጌ መፈልፈያ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይሰባበራል። ገዢው አንድ እፍኝ ዘግኖ መዳፉ ላይ ሲያገላብጠው ሰባራውንና ጠጠሩን ያያል፤ ዋጋውን ይቀንሳል፣ አለዚያም ከውጭ የገባውን ይመርጣል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ለመውቂያና ለማድረቂያ የሚዘረጋ ሸራ፣ የእርጥበት መለኪያ፣ ቀጥሎም የተሻለ መፈልፈያ ነው። ከሸራው መጀመር ይሻላል፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ውጤቱም በአንድ መኸር ይታያል።

መፈልፈያውን በስጦታ ከመስጠት ይልቅ ወጪውን ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር መጋራት ይመረጣል። ከኪሱ ያላወጣበትን ማሽን ሲበላሽ ለማስጠገን የሚሯሯጥ ሰው እምብዛም አይገኝም። መለዋወጫ ማን እንደሚገዛ፣ የኦፕሬተሩን ደመወዝ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ውል ይስፈር፤ የአካባቢው ትራንስፎርመር ጭነቱን መቻሉም ከግዢው በፊት ይረጋገጥ።

የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ለሚቸግራቸው ድርጅቱ ራሱ አበዳሪ መሆን የለበትም። ማበደር ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ከዚህም በላይ ተበዳሪው የአጎት ልጅ ሲሆን ዕዳውን የሚጠይቅ ይጠፋል። በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በማይክሮፋይናንስ ተቋም በኩል ማለፍ ሁለቱንም ችግር ያቃልላል።

የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ሕጋዊ መሠረት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሲሆን ምዝገባው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይከናወናል። ቤተሰቡ አንድን ንብረት፣ ለምሳሌ የሚከራይ ሕንፃን፣ ለዘለቄታው ለበጎ ዓላማ መመደብ ከፈለገ የኢንዶውመንት አደረጃጀት ይስማማዋል፤ በየዓመቱ ከሚዋጣ ገንዘብ የሚሠራ ከሆነ በቦርድ የሚመራ ድርጅት ይቀላል። አዋጁ የአስተዳደር ወጪን ከገቢው በ20 በመቶ ስለገደበው ቢሮና መኪና ከመግዛት በፊት ሒሳቡን መሥራት ይገባል። ቦርዱ ውስጥ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ፣ የአካባቢውን ገበያ የሚያውቅ ሰው ቢኖር መልካም ነው።

የመጀመሪያው ብር ከመውጣቱ በፊት ገበሬው አንድ ኩንታል ሩዝ በስንት እንደሸጠ በተከታታይ የገበያ ቀናት ይመዝገብ። ከሁለት መኸር በኋላ በሸራ የወቁት ገበሬዎች የሸጡበት ዋጋ፣ በዚያው ቀንና በዚያው ገበያ መሬት ላይ የወቁት ካገኙት ጋር ይነጻጸር፤ ልዩነት ካልታየ ወደ መፈልፈያው ግዢ መሄድ አያስፈልግም።