የአቪዬተርን ሂሳብ በወረቀት እንዴት እናሰላለን

ጅማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ባለው መንገድ ተራ የሚጠብቅ የባጃጅ ሾፌርም ሆነ ከክፍል የወጣ ተማሪ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ «በረረች!» ሲል መስማት አዲስ ነገር አይደለም። የበረረችው በጆርጂያ የተመሠረተው ስፕራይብ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው አቪዬተር የተባለ የቁማር ጨዋታ አውሮፕላን ናት። ስሙ ይለያይ እንጂ ቁጥር እየወጣ ድንገት የሚቆምባቸው ጨዋታዎች አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው፤ አንዱን ያሰላ ሰው ሌላውንም ያሰላል። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እስክሪብቶና የስልክ ካልኩሌተር ነው። ብር አያስፈልግም። እንዲያውም ብር ሳታስገቡ ብትሠሩት ይሻላል፤ ብር ከገባ በኋላ እጅ ለካልኩሌተር ትዕግሥት የለውም።

1. ዙሩን ተመልከቱ

ማባዣው፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር፣ ከ1.00 ተነስቶ ይወጣል። ከመቆሙ በፊት ካሽ አውት (ብሬን ላውጣ) ያለ ሰው የመደበውን ብር በቁጥሩ ተባዝቶ ይወስዳል፤ 50 ብር በ2.40 ሲባዛ 120 ብር ይሆናል። ቀድማ ከበረረች ግን 50ው ይሄዳል። በቃ ይኸው ነው።

2. የመመለሻ መቶኛውን ፈልጉ

ከተመደበው ብር በአማካይ ስንት በመቶው ለተጫዋቾች እንደሚመለስ በጨዋታው ሕግና መግለጫ ውስጥ ተጽፏል። የአቪዬተር 97 በመቶ ነው። ሌሎች ጨዋታዎች የተለየ ቁጥር ሊኖራቸው ስለሚችል የምታሰሉት የዚያኑ ጨዋታ ቁጥር ይዛችሁ ይሁን።

3. 97ን ለምትፈልጉት ማባዣ አካፍሉ

ውጤቱ አውሮፕላኗ ከ100 ዙር በአማካይ ስንቱን ጊዜ እዚያ ቁጥር ላይ እንደምትደርስ ይነግራችኋል። ለ1.20 80.8፣ ለ1.50 64.7፣ ለ2 48.5፣ ለ5 19.4፣ ለ10 9.7 ይመጣል። 100 ላይ የምትደርሰው ከ100 ዙር አንዴ እንኳ በማይሞላ ነው።

ቁጥሩን በዓይናችሁ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የ200 ዙር ውጤት መዝግቡና 2.00ና ከዚያ በላይ የደረሱትን ቁጠሩ። 97 አካባቢ ይሆናሉ። ከ83 እስከ 111 ቢወጣም ያልተለመደ አይደለም፤ ከ20 ቆጠራ 19ኙ በዚያ ውስጥ ያርፋል።

4. «ዝቅ ብዬ ልውጣ» የሚለውን ፈትኑ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ሥሩት። ለ100 ዙር በየዙሩ 10 ብር እየመደባችሁ ሁልጊዜ 1.20 ላይ ወጣችሁ እንበል። ያስገባችሁት 1000 ብር ነው። ወደ 81 ጊዜ ታሸንፋላችሁ፣ በየጊዜውም 12 ብር ይመለሳል። 80.8 ሲባዛ በ12 ወደ 970 ብር ይመጣል። አሁን 10 ላይ የሚወጣውን ሰው አስሉ፤ 9.7 ጊዜ ያሸንፋል፣ በየጊዜው 100 ብር ያገኛል፣ ድምሩ 970 ብር ነው። የትኛውንም ማባዣ ብትመርጡ 30 ብሩ ይቀራል። መውጫችሁ የሚቀይረው ኪሳራው የሚመጣበትን መልክ ብቻ ነው። ዝቅ ብሎ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ያገኝና በአንዴ ይጎዳል። ከፍ ብሎ የሚጠብቀው ደግሞ ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ 10ን የሚጠብቅ ሰው 20 ዙር በተከታታይ ባዶ የመሆን ዕድሉ ከ100 13 ነው።

እጅግ አስተማማኝ የሚመስለውን 1.01ንም አስሉት። በ100 ብር 1 ብር ይገኛል። አንዴ የተበላን 100 ብር ለመመለስ 100 ጊዜ ማሸነፍ ያስፈልጋል። መበላት ግን በየ25 ዙሩ አንዴ ይመጣል።

5. 3 በመቶው የሚቆረጠው ከምን ላይ እንደሆነ ለዩ

«97 በመቶ ይመልሳል» ሲባል 100 ብር ያስገባ ሰው 97 ብር ይዞ ይወጣል ማለት አይደለም። 3ቱ የሚቆረጠው በእያንዳንዱ ምደባ ላይ ነው። ወፍጮ ቤት አስቡ፤ ያንኑ ዱቄት መልሳችሁ መላልሳችሁ ብታስፈጩት በእያንዳንዱ ዙር ወፍጮው ላይ የሚቀር አለ። 100 ብር ሙሉ በሙሉ 23 ጊዜ ቢመደብ በአማካይ ግማሹ ያልቃል። በሰዓት አስሉት፤ አንድ ዙር 20 ሰከንድ ያህል ከወሰደ በሰዓት 180 ዙር ይኖራል። በ10 ብር ምደባ 1800 ብር ይገላበጣል፣ 3 በመቶው 54 ብር ነው። ምደባው 50 ብር ከሆነ 270 ብር በሰዓት። የባጃጅ ገቢውን በቀን ለሚያሰላ ሰው ከሁሉ በፊት ጎን ለጎን መቀመጥ ያለበት ቁጥር ይኼ ነው። የጨዋታው ፍጥነትም ከማባዣው ይልቅ የሚጎዳው በዚሁ ምክንያት ነው።

6. ማጠፍን በወረቀት ጨርሱት

«ሲበላህ እጥፍ አድርገህ መድብ፣ አንዴ ስታሸንፍ ሁሉም ይመለሳል» የሚለው ምክር በየሰፈሩ አለ። መውጫው 2.00፣ መነሻው 10 ብር ይሁን። ጻፉት፦ 10፣ 20፣ 40፣ 80፣ 160፣ 320፣ 640፣ 1280። ስምንት ተከታታይ ሽንፈት 2550 ብር ይበላል። ቢሳካስ ትርፉ ስንት ነው? 10 ብር። በስምንተኛው ዙር 1280 መድባችሁ ብታሸንፉ እንኳ ከሁሉም በኋላ በእጃችሁ የሚቀረው ትርፍ ያችው 10 ብር ናት።

ስምንት ጊዜ በተከታታይ መበላት ብርቅ ይመስላል፤ ከአንድ መነሻ ሲታይ ከ200 አንዴ ገደማ ነው። ነገር ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ 180 ዙር አለ፣ እያንዳንዱም አዲስ መነሻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰንሰለት የመምጣት ዕድሉ ከሦስት አንድ ያህል ነው። ሰንሰለቱ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ዘዴው የሚሠራ ይመስላል። አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሦስት ቀን አትርፎ በአራተኛው ቀን ለቤት ኪራይ ያስቀመጠውን ብር የሚመድበው «ሠርቶልኛል» ብሎ ነው። አጫዋቹ ድርጅት በአንድ ዙር የሚቀበለው ምደባ ጣሪያ ስላለው ገንዘብ ቢኖርም እጥፉ አንድ ቦታ ላይ መቆሙ አይቀርም።

በሁለት ምደባ መጫወት፣ ማለትም አንዱን 1.50 ላይ አውጥቶ ሌላውን ለከፍተኛ ቁጥር ማቆየት፣ የሁለት 3 በመቶዎች ድምር ነው። ከሦስት ዙር በአንዱ ሁለቱም አብረው ይበላሉ።

7. «ሮዝ ሊመጣ ነው» የሚለውን ተዉት

በአቪዬተር ያለፉ ዙሮች ዝርዝር (ታሪክ) ላይ ከ2 በታች ሰማያዊ፣ ከ2 እስከ 10 ሐምራዊ፣ ከ10 በላይ ሮዝ ነው። አሥር ሰማያዊ ቢደረደር የቀጣዩን ዙር ዕድል አይለውጥም። የእያንዳንዱ ዙር ውጤት የሚሠራው ከአንድ የሰርቨር (የጨዋታው ዋና ኮምፒውተር) ዘርና በዚያ ዙር ቀድመው ከመደቡ ሦስት ተጫዋቾች ዘር ነው፤ ዘር ማለት ለስሌቱ መነሻ የሚሆን የዘፈቀደ ፊደልና ቁጥር ነው። አራቱ ተያይዘው ኤስ-ኤች-ኤ 512 በሚባል ስሌት ያልፋሉ፣ የሚወጣው ረጅም ቁጥር ወደ ማባዣ ይቀየራል። ያለፈው ዙር በስሌቱ ውስጥ ቦታ የለውም።

የሰርቨሩ ዘር ከዙሩ በፊት የሚታየው ታሽጎ ነው። ዙሩ ሲያልቅ ይከፈታል፤ በታሪኩ ላይ ካለው የዙሩ ውጤት ገብታችሁ ዘሮቹን ቀድታችሁ በማንኛውም የኤስ-ኤች-ኤ 512 ማስያ መፈተሽ ትችላላችሁ። ይህ ማረጋገጫ የሚያሳየው ውጤቱ በኋላ እንዳልተቀየረ ነው። 3 በመቶውን አያነሳም።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። በቴሌግራም «ሲግናል» ወይም «ፕሬዲክተር»፣ ማለትም የቀጣዩን ዙር ውጤት ቀድሞ መንገሪያ ብሎ የሚሸጥ ሰው የታሸገውን ዘር አያውቅም፤ የሦስቱን ተጫዋቾች ዘርም ቢሆን ምደባ ሳይገባ ማንም አያውቀውም። ታዲያ ለምን ይሸጣል? «በዚህ ሊንክ ተመዝገብ» ካለ በሊንኩ ከገባው ሰው ኮሚሽን የሚያገኝበት አሠራር አለ። ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚላክ ፋይል ጫን ካለ ወይም የቴሌብር ፒን ከጠየቀ ደግሞ የሚፈልገው ውርርዱን ሳይሆን ሂሳባችሁን ነው። ፋይሉን አትጫኑ፣ ፒንም ለማንም አትስጡ።

8. የኔትወርክን ዋጋ ጨምሩ

በእጅ ካሽ አውት ስትሉ ትዕዛዙ ሰርቨሩ ዘንድ መድረስ አለበት፤ ስልኩ ላይ የምታዩት ቁጥር ወሳኝ አይደለም። ቡስታቢት በተባለው ተመሳሳይ ቀደምት ጨዋታ ማባዣው በሰከንድ 6 በመቶ ያህል ያድጋል፤ 2.00 ላይ ለመድረስ 11.5 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያ ፍጥነት የአንድ ሰከንድ መዘግየት ማለት ከመቶ 6 ያህል ጊዜ ያሸነፋችሁ መስሏችሁ መበላት ነው። የጅማ ክረምት ዝናብ ሲወርድና መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። አስቀድሞ የተሞላ አውቶ ካሽ አውት (በተመረጠው ቁጥር ላይ ራሱ የሚያወጣው) በሰርቨሩ ላይ ስለሚፈጸም ይህን ያስቀራል። 3 በመቶው ግን እንዳለ ነው።

9. ለማቆም

አፑን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ በሁለት ደቂቃ ተመልሶ ይጫናል። መጀመሪያ ቀሪውን ብር አውጡ፣ ቀጥሎ በደንበኞች አገልግሎት በኩል አካውንቱ እንዲዘጋ በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን ስክሪንሹት አድርጉ። ከዚያ ከሲግናል ግሩፖቹ ሁሉ ውጡ። የሞባይል ገንዘቡን ለአንድ ወር በምታምኑት ሰው ስልክ መቀበል ከሁሉ የበለጠ ይረዳል፤ በእጅ የሌለ ብር በሌሊት አይመደብም። ዕዳ ተደብቆ ከሆነ፣ እንቅልፍ ከጠፋ ወይም የተበላውን ለማስመለስ ብድር ከተጀመረ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ካርድ ስታወጡ «ቁማር ማቆም አቃተኝ» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ ወደ ትክክለኛው ክፍል የሚመራችሁ ያ ቃል ነው።