የአፓላችያን ተራሮችንና የአሜሪካን ደቡባዊ ግዛቶች ነባር ሙዚቃ ሲያዳምጡ፣ ሲማሩና ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአፓላችያን ተራራማ አገርና ከግርጌው የተዘረጉት የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የባንጆ፣ የቫዮሊን፣ የጊታርና የኅብረት ዝማሬ ነባር ባህል አላቸው። ይህን ሙዚቃ ዛሬም በሕይወት ያቆዩት ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም፤ ስለ እነርሱ የሚነገረውና የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ ከተሳሳተ ግምት ይነሣል። ከዚህ በታች የቀረቡት ስህተቶች አድማጩም፣ ተማሪውም፣ ጸሐፊውም የሚፈጽሟቸው ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፦ ዜማውን ወድዶ ዜማው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ አለመጠየቅ። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የከፋው ስህተት ሙዚቃውን የነጮች ብቻ አድርጎ መቁጠር ነው። ባንጆ ሲባል በብዙ ሰው ዓይነ ልቡና የሚመጣው በተራራ ጎጆ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ጢማም ነጭ ሽማግሌ ነው፤ የመሣሪያው አመጣጥ ግን አፍሪካዊ ነው። በቅል ላይ ቆዳ ወጥሮ፣ ረጅም አንገት ሰክቶ፣ ከአውታሮቹ አንዷን አሳጥሮ በአውራ ጣት ማስጮህ በምዕራብ አፍሪካ የታወቀ ጥበብ ሲሆን፣ በሴኔጋልና በጋምቢያ የጆላ ሕዝብ የሚደረድረው አኮንቲንግ እስከ ዛሬ ለዚህ ምስክር ነው። በባርነት ወደ ካሪቢያን ደሴቶችና ወደ ሰሜን አሜሪካ የተጋዙት አፍሪካውያን ይህን ዕውቀት ይዘው ሄደዋል፤ ሐኪሙ ሃንስ ስሎን በጃማይካ ያያቸውን እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በ1707 በታተመው መጽሐፉ በሥዕል ጭምር አስፍሯቸዋል። ነጮች ባንጆን በብዛት ያነሡት በ19ኛው መቶ ዘመን ሲሆን፣ ለዚህም ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው በጥቁሮች ላይ እያላገጡ ይጫወቱ የነበሩ የመድረክ ቡድኖች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በ1920ዎቹ ደግሞ የሸክላ ኩባንያዎች ገበያቸውን በዘር ከፈሉት፤ ብሉዙ ለጥቁሮች፣ የቫዮሊንና የባንጆው ጨዋታ ለነጮች ተመደበ። ስለዚህ ቫዮሊን የሚጫወቱ ጥቁሮች በየመንደሩ እያሉ በሸክላ የተቀረጹት በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ፤ ሸክላውን ብቻ ያዳመጠ ትውልድም ከመጀመሪያውም እንዳልነበሩ አድርጎ ደመደመ።

ይህን ድምዳሜ ለማፍረስ የጆ ቶምፕሰን ታሪክ ብቻውን ይበቃል። በ1918 በሰሜን ካሮላይና የተወለዱት እኚህ ሰው ቫዮሊን የተማሩት ከአባታቸው ሲሆን፣ በቆሎ ለመላጥ በሚጠራ ደቦና በየቤቱ በሚደረግ ጭፈራ ላይ ለጥቁርም ለነጭም ጎረቤት ይጫወቱ ነበር፤ ኋላም የአጎታቸው ልጅ ኦዴል ቶምፕሰን በባንጆ ሲያጅቧቸው ኖረዋል። መተዳደሪያቸው የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሥራ ነበር። በ2005 በቡን ከተማ የጥቁር ባንጆ ተጫዋቾች ጉባኤ ተካሄደ፤ እዚያ የተገናኙት ሪያነን ጊደንስ፣ ዶም ፍለመንስና ጀስቲን ሮቢንሰን የሚባሉ ሦስት ወጣቶች በዚያው ዓመት በጋና መጸው ሐሙስ ሐሙስ ማታ ሜባን ወደሚገኘው የሽማግሌው ቤት ይመላለሱ ጀመር። ትምህርቱ ኖታም መርሐ ግብርም አልነበረውም፤ አዛውንቱ ይጫወታሉ፣ ልጆቹ ይከተላሉ። ከቤተሰቡ የወረዱትን አጫጭር የደጋን ምቶች ወጣቶቹ የያዙት በዚህ ዓይነት ነው። ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ ብለው የመሠረቱት ቡድን በ2011 የግራሚ ሽልማት ሲያገኝ ጋዜጦቹ ቡድኑን እንደ አዲስ ግኝት ጻፉለት። ወጣቶቹ ራሳቸው ግን በየመድረኩ የአቶ ቶምፕሰንን ስም ሳይጠሩ አያልፉም ነበር፤ በእኔ አስተያየት ከሽልማቱ ይልቅ የሚያስመሰግናቸው ይህ ነው።

ከዚህ ጋር የሚዛመደው ሁለተኛው ስህተት ተራራው ሙዚቃውን ከዓለም ዘግቶ እንዳኖረው ማመን ነው። ለዚህ እምነት መስፋፋት እንግሊዛዊው ሴሲል ሻርፕ በከፊል ተጠያቂ ነው። ከ1916 እስከ 1918 ከረዳቱ ከሞድ ካርፔሌስ ጋር በተራሮቹ ውስጥ እየተዘዋወረ እጅግ ብዙ ዜማ የመዘገበ ትጉህ ሰው ነበር፤ ነገር ግን የሚፈልገው የእንግሊዝን ጥንታዊ ዘፈን ስለነበር የፈለገውን አገኘ፣ ያልፈለገውን አለፈው። በተጨባጭ የባቡር ሐዲድ፣ የከሰል ማዕድንና የእንጨት መሰንጠቂያ ሥራ ከየአቅጣጫው ሠራተኛ ሲያመጡ ዘፈንም አብሮ ይገባ ነበር። በ1927 በጋ በቴነሲና በቨርጂኒያ ድንበር ላይ በምትገኘው በብሪስቶል ከተማ በተደረገው ዝነኛ ቀረጻ ስማቸው የገነነው የዘፋኞቹ የካርተር ቤተሰብ አባት ኤ ፒ ካርተር፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አዳዲስ መዝሙርና ዘፈን ፍለጋ በየመንደሩ ሲዞር አብሮት የሚሄደው ሌስሊ ሪድል የተባለ ጥቁር ጊታር ተጫዋች ነበር። ካርተር ግጥሙን በወረቀት ያሰፍራል፤ ሪድል ዜማውን በጆሮው ይዞ ይመለሳል። ሸክላው ላይ የታተመው ግን የካርተር ስም ብቻ ነው።

ሦስተኛው ስህተት ኦልድ ታይም የሚባለውን ነባር ስልትና ብሉግራስን አንድ ማድረግ ሲሆን፣ ይህ በአጭሩ የሚታረም ነው። ብሉግራስ በቢል መንሮ ቡድን ውስጥ በ1940ዎቹ አጋማሽ መልክ የያዘ የመድረክ ሙዚቃ ነው፤ ተጫዋቾቹ ተራ በተራ ብቻቸውን ወጥተው ችሎታቸውን ያሳያሉ፣ ባንጆውም ኤርል ስክራግስ ባስፋፋው የሦስት ጣት ስልት ይፈጥናል። በኦልድ ታይም ግን ሁሉም ዜማውን በአንድነት ይዘው ደጋግመው ይሄዱበታል፤ ባንጆ ደርዳሪው አውታሩን በጥፍሩ ጀርባ ወደ ታች እየመታ አጭሯን አምስተኛ አውታር በአውራ ጣቱ ያስጮሃል። ቀድሞውኑ የታሰበው ለጨፋሪ እግር ስለሆነ፣ አንድ ዜማ አሥር ደቂቃ ቢደጋገም ጉድለት አይባልም።

ለመማር የሚነሣ ሰው ዘንድ የሚታየው አራተኛው ስህተት ከቀረጻ ብቻ መማር ነው። በተለይ ቅኝት የዘነጋ ተማሪ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። የክራር ደርዳሪ ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር አውታሮቹን እንደገና እንደሚቃኝ ሁሉ፣ የዚህ ሙዚቃ ተጫዋችም እንደ ዜማው ቅኝቱን ይለዋውጣል። ቫዮሊን በተለመደው አቀማመጥ ከወፍራሙ አውታር ጀምሮ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ነው፤ ብዙ የተራራው ዜማዎች ግን የታችኞቹ ሁለቱ ከፍ ብለው ላ፣ ሚ፣ ላ፣ ሚ ሲሆኑ ነው የሚጫወቱት። ያን ጊዜ ያልተነካው አውታር ከተነካው ጋር ያስተጋባና አንድ ቫዮሊን እንደ ሁለት ይሰማል። ጣቶቹን በተለመደው ቅኝት ላይ እያስጨነቀ ያንን ድምፅ የሚፈልግ ተማሪ ፈጽሞ አያገኘውም፤ ሸክላውም ምሥጢሩን አይነግረውም።

ቀረጻ ሌላም ወጥመድ አለው፤ አንድ ሰው በአንድ ቀን የተጫወተውን የማይለወጥ ሕግ ያስመስለዋል። የመንገድ ሥራ ማሽን ነጂ የነበሩት ቶሚ ጃረል በሰሜን ካሮላይና ቶስት በሚባል ስፍራ ቤታቸውን ከሩቅ ለሚመጣ ወጣት ሁሉ ክፍት አድርገው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1985 ድረስ አስተምረዋል። የእርሳቸው አጨዋወት እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በብዙ ከተሞች የሚሰበሰበው አማተር ሁሉ እርሳቸውን ብቻ ሲቀዳ፣ ከአጠገባቸው ሸለቆ የነበረው የሌላው ሰው ስልት እየተረሳ መሄዱ አይካድም። መፍትሔው ቀረጻን መተው አይደለም፤ በአካል ከሚገኝ ተጫዋች አጠገብ መቀመጥና ቀረጻውን ለማመሳከሪያ መያዝ ነው። ልጆችን በተመለከተ በ2000 በሰሜን ካሮላይና አሌጋኒ አውራጃ የተጀመረው ጁኒየር አፓላችያን ሚውዚሽያንስ የተባለው መርሐ ግብር ይህንኑ ያደርጋል፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተማሪዎች በአካባቢው ተጫዋቾች ፊት ተቀምጠው በጆሮ ይማራሉ።

አምስተኛው ስህተት ሁሉንም በመድረክ ሚዛን መለካት ነው። በ1844 በጆርጂያ ሰዎች ተዘጋጅቶ የወጣው የሴክርድ ሃርፕ የመዝሙር መጽሐፍ ኖታዎቹ በሦስት ማዕዘን፣ በክብ፣ በአራት ማዕዘንና በአልማዝ ቅርጽ የተጻፉ ናቸው። ዘማሪዎቹ በአራት ድምፅ ተከፍለው ፊት ለፊት እየተያዩ አራት ማዕዘን ሠርተው ይቀመጣሉ፤ በመጀመሪያ የኖታውን ስም፣ ቀጥሎ ግጥሙን ያዜማሉ፤ መሪው በየተራው እየተቀያየረ መሐል ላይ ይቆማል። አድማጭ የሚባል ወገን የለም። ድምፁ ይጮሃል፣ ይሻክራል ብሎ የሚተች ሰው የቆመበትን ስፍራ ስቷል፤ ዝማሬው የተሠራው መሐል ላይ ለቆመው ነውና። በሚሲሲፒ ግራቭል ስፕሪንግስ የሚሰማው የዋሽንትና የከበሮ ጨዋታም እንዲሁ ነው። ኦታር ተርነር ሸምበቆ ቆርጠው፣ ቀዳዳውን በጋለ ብረት እየበሱ ወደ ጎን የሚነፋውን ዋሽንት ራሳቸው ይሠሩ ነበር፤ ጨዋታው የሚደምቀው ፍየል ታርዶ ጎረቤት ሲሰበሰብ በአቧራው ላይ ነው። በ2003 ሲያርፉ ቡድኑን የተረከበችው ከእርሳቸው የተማረችው የልጅ ልጃቸው ሻርዴ ቶማስ ናት፤ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበረች።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር አንባቢ በ1935 በቨርጂኒያ የተጀመረው የጌለክስ ከተማ የቫዮሊን ተጫዋቾች ውድድር በመኪና ከግማሽ ቀን ያነሰ መንገድ ነው። የሚሄድ ሰው ግን መድረኩን ብቻ አይቶ ባይመለስ መልካም ነው፤ ዋናው ነገር ያለው ድንኳኖቹ መካከል ነው። እዚያ ክብ ሠርተው የተቀመጡ ተጫዋቾች ሲያገኝ ከክቡ ውጪ ቆሞ ያድምጥ፤ መሣሪያ ቢይዝም በዕረፍቱ መካከል ለራሱ አይነካካ፤ ቅኝቱን የሚያስለውጥ ዜማም አይጠይቅ። ብዙ ክቦች በአንድ ቅኝት ለሰዓታት የሚቆዩት ባንጆ ደርዳሪዎቹ በየዜማው ማስተካከል ስለሚሰለቻቸው ነው።

ስድስተኛው ስህተት የባህሉን ጠባቂ የሙዚየም ዘበኛ አድርጎ ማየት ነው። ሴድሪክ በርንሳይድ የሰሜን ሚሲሲፒ ኮረብታዎችን ብሉዝ ከአያቱ ከአር ኤል በርንሳይድ ወርሶ፣ በ2022 ግራሚ ያሸለመው የራሱን አዳዲስ ዘፈኖች በያዘው አልበሙ ነው። ጄክ ብላውንት የጥንት መንፈሳዊ ዜማዎችን የአየር ንብረት ቀውስ ባጠፋው የወደፊት ዓለም ውስጥ አስገብቶ ተጫውቷቸዋል። ሪያነን ጊደንስም ከማይክል ኤብልስ ጋር ስለ ኦማር ኢብን ሰይድ፣ በባርነት ወደ ካሮላይና ስለተጋዘው የሴኔጋል ሊቅ፣ በጻፈችው ኦፔራ በ2023 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝታለች። እነዚህን ሰዎች ከባህሉ ወጡ ብሎ የሚወቅስ፣ ባህሉ ራሱ በየዘመኑ ሲለወጥ እንደኖረ አላስተዋለም። በእርግጥ አዲስ የተባለ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ከበሮ ማሽን ስለተጨመረበት ብቻ የሚወደስ ሥራም አይጠፋም።

የመጨረሻው ስህተት ዘፈኑን ባለቤት የሌለው የሕዝብ ሀብት ነው ብሎ መውሰድ ነው። ኤልዛቤት ኮተን በሰሜን ካሮላይና ካርቦሮ ገና ልጅ ሳሉ የደረሱት የባቡር ዘፈን በ1950ዎቹ እንግሊዝ አገር ደርሶ በሌሎች ሰዎች ስም ተመዝግቦ ነበር፤ ስማቸው ለደራሲነቱ የተመለሰው ከሙግት በኋላ ነው። ግራ እጃቸውን የሚጠቀሙ ስለነበሩ የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጠው፣ ወፍራሙን ድምፅ በጣት፣ ዜማውን በአውራ ጣት ይጫወቱ ነበር፤ ይህ ስልት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ግራሚ የተሸለሙት ዘጠና ዓመት ካለፋቸው በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን የኖሩት በሰው ቤት ሠራተኝነት ነበር። ብዙ አዛውንት ተጫዋቾችም በድህነት አርጅተዋል። በ1994 በሰሜን ካሮላይና የተቋቋመው ሚውዚክ ሜከር ፋውንዴሽን ለእነዚህ ሰዎች የመድኃኒትና የምግብ ወጪ ይረዳል፣ መሣሪያ ይሰጣል፣ መድረክም ይፈልግላቸዋል። ዜማ የወሰደ ተማሪ በቪዲዮው ሥር ያስተማረውን ሰውና የመጣበትን አውራጃ ይጻፍ፤ ዝግጅት የሚጠራም ክፍያውን ከመጋበዙ በፊት ይንገር፤ በድንኳኑ ፊት ዲስክ ዘርግቶ ከሚሸጥ ተጫዋች በቀጥታ የሚገዛ ሰው ደግሞ ገንዘቡ ሳይሸራረፍ በባለሙያው እጅ እንደሚገባ እርግጠኛ ነው።