ተማሪን ለአንድ ሰዓት «ሲያስረጁ» ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጫማ ውስጥ የበቆሎ ፍሬ ይጨመራል፤ መነጽር ቅባት ይቀባል፤ ጆሮ በጥጥ ይደፈናል፤ እጅ ላይ ወፍራም ጓንት ይጠለቃል። ከዚያ ተማሪው ሳንቲም እንዲቆጥር፣ የመድኃኒት ብልቃጥ እንዲከፍት ይታዘዛል። እርጅናን የማቅመስ ልምምድ ይህ ነው። ጅማ ውስጥ ለጤና ተማሪዎች ደጋግሜ አሠርቼዋለሁ፤ ደጋግሜም አበላሽቼዋለሁ።

በጓንቱ ማቆም

ትልቁ ስህተቴ ይህ ነበር። አንዲት ተማሪ ጥጡን ከጆሮዋ እያወጣች «እንዲህ ከምሆንስ ሳላረጅ ብሞት ይሻለኛል» አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያስተማርኳት ርኅራኄን ሳይሆን ፍርሃትን መሆኑ የገባኝ ማታ ነው። ሰው በአምስት ደቂቃ አያረጅም። ቅርብ ያለን ጽሑፍ ማንበብ መቸገር እንኳ ከአርባዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚመጣ ነው፤ ሰውም እየለመደ፣ ዘዴ እየፈጠረ ይሄዳል። ሂርማታ ገበያ ዕድሜ የጠገቡ ነጋዴ እፍኝ ጀንፈል ቡና አንሥተው ሲያናውጡት መድረቁን በድምፁ ይለያሉ። በቆሎ የተጨመረበት ጫማ ይህን ጥበብ አያሳይም።

አሁን ልምምዱን በሃያ ደቂቃ ጨርሼ የቀረውን ጊዜ ለውይይት እሰጣለሁ። «ምን ተሰማችሁ?» ብዬም አላበቃም። ደረጃው፣ የማዘዣው ደቃቅ ጽሑፍ፣ አግዳሚ ወንበር የሌለው ኮሪደር ቢስተካከል ከችግሩ ምን ያህሉ ይቀር እንደነበር አስቆጥራቸዋለሁ።

«መጥፎ አታስቡ» ብሎ ማዘዝ

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አዳም ጋሊንስኪና ጎርደን ሞስኮዊትዝ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች የአንድ አረጋዊን ፎቶግራፍ አይተው ስለ ውሎው እንዲጽፉ ተደረገ። ራሳቸውን በእርሱ ቦታ ያስቀመጡት የተዛባው አመለካከት ቀነሰላቸው፤ አመለካከቱን እንዲያፍኑ የታዘዙት ግን በኋላ ይበልጥ ወደ አእምሯቸው መጣ። ስብከት ይቅር።

ሕመምተኞችን ብቻ ማገናኘት

የጤና ተማሪ አረጋዊ የሚያገኘው አልጋ ላይ ነው፤ ስለዚህ እርጅናና በሽታ አንድ ይመስሉታል። ወደ መንደር ወጥተው ጤነኞቹንም እንዲያነጋግሩ ማድረግ ይገባል፤ የሚጠይቁትም «የት ያምዎታል?» ብቻ መሆን የለበትም። አንዱ ተማሪ የሰባ ስድስት ዓመት አዛውንትን «አባባ፣ ለመጪው ክረምት ምን አስበዋል?» አላቸው። «የቡና ችግኝ አፍልቻለሁ፤ እተክላለሁ።» ቡና የመጀመሪያ ፍሬውን ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። ተማሪዎቹ በጣታቸው ሲደምሩ አየኋቸው።

ክብርን እንደ መፍትሔ መቁጠር

ይህ የእኛው ነው። ብድግ እንላለን፣ ጉልበት እንስማለን፣ «ሽማግሌ አስታራቂ ነው» እንላለን፤ ሁሉን አረጋዊ ጠቢብ ማድረግም ያው በጅምላ መፈረጅ ነው። ከመቀመጫው ተነሥቶ ለአባት ወንበር የለቀቀው ተማሪዬ ወዲያው ወደ ልጃቸው ዞሮ «የት ነው የሚያማቸው?» ሲል ሰምቻለሁ። አባትየው ጆሯቸውም አፋቸውም ደኅና ነበር። አሁን በሚና ጨዋታው ላይ ሆን ብዬ ቶሎ ቶሎ የሚመልስ ልጅ አስገባለሁ፤ ተማሪው ታካሚውን ራሱን ሳይጠይቅ ከወጣ ልምምዱን ይደግማል።