ፓወርቦል ሲቆርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የሰዓት ስህተቶች

ፓወርቦል በአሜሪካ ግዛቶች የሚሸጥ ሎተሪ ነው። ሰዓቶቹ በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዕጣው እስኪወጣ ይሸጣል ብሎ ማሰብ። ፓወርቦል ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ በምሥራቃዊው የአሜሪካ ሰዓት ከምሽቱ 10፡59 ይወጣል። ሽያጩ ግን እንደየግዛቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ይዘጋል። ቁጥር የተጻፈባቸው የዕጣ ኳሶች ከመውረዳቸው በፊት በየግዛቱ የተሸጠው ሁሉ ተቆጥሮ መዝገቡ መቆለፍ አለበት። ኖቬምበር 7 ቀን 2022 ሊወጣ የነበረው የ2.04 ቢሊዮን ዶላር ዕጣ ለማግስቱ ጠዋት ያደረው አንድ ግዛት የሽያጭ መረጃውን በሰዓቱ ባለማጠናቀቁ ነበር።

የሌላ ግዛት ሰዓት መከተል። ካሊፎርኒያ 7፡00፣ ቴክሳስ 9፡00 ላይ ይዘጋሉ፤ ሁለቱም በምሥራቃዊው ሰዓት 10፡00 ማለት ነው። አሪዞና ያሉ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ አብዛኛው የአሪዞና ክፍል በበጋና በክረምት ሰዓቱን ስለማይቀይር ዕጣው በክረምት 8፡59፣ በበጋ 7፡59 ይወጣል፤ መዝጊያውም አብሮት ይዛወራል።

«ማሽኑ ከሸጠልኝ ገብቻለሁ» ማለት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ማሽኑ ሽያጩን ሲቀጥል የሚያትመው ለቀጣዩ ዕጣ ነው፤ ሰኞ ማታ አርፍደው የቆረጡት ትኬት የረቡዕ ይሆናል። ገንዘቡም ወረቀቱም ያው ስለሆነ ልዩነቱን የሚነግርዎ ትኬቱ ላይ የታተመው የዕጣ ቀን ብቻ ነው። ከባንኮኒው ሳይርቁ ያንብቡት። በብዙ ግዛቶች አንዴ የታተመ የፓወርቦል ትኬት አይሰረዝም። ቀኑ የረቡዕ ከሆነ ደግሞ የሰኞው ቁጥር አልመጣም ብለው እንዳይጥሉት፤ ዕጣው ገና ነው።

ሰልፍ ላይ መያዝን እንደ መቁረጥ መቁጠር። የሚቆጠረው ማሽኑ ቁጥርዎን ወደ ማዕከል ያስገባበት ቅጽበት ነው። ሽልማቱ ሲያብጥ ሰልፉም ይረዝማል። ከ1 እስከ 69 አምስት፣ ከ1 እስከ 26 አንድ ቁጥር የሚመረጥበትን ቅጽ አንድ ትርፍ ምልክት ካበላሸው ማሽኑ ይመልሰዋል። ደቂቃዎች ብቻ ከቀሩ ቅጹን ትተው ማሽኑ ራሱ እንዲመርጥ ኩዊክ ፒክ ይጠይቁ።

በስልክ መተግበሪያ ትኬት የሚገዙልዎትን ድርጅቶች ከሱቅ እኩል ማየት። እነሱ ትኬቱን ከሱቅ ስለሚያሳትሙ ቀድመው ይዘጋሉ።

የሽልማት መጠየቂያውን የጊዜ ገደብ መርሳት። ይህም እንደየግዛቱ ከ90 ቀን እስከ አንድ ዓመት ነው። ለማረጋገጥ ትኬቱን የቆረጡበትን ግዛት ደንብ ይመልከቱ፤ ሽልማቱ የሚጠየቀውም እዚያው ነው።