አውቶብስ ቤታችን ውስጥ ማታ ማታ የሚጠፋው ፍሪጅ

ለቤተሰብ መኖሪያነት በቀየርነው አውቶብስ ውስጥ ባለ 12 ቮልቱ ፍሪጅ ማታ ሊነሳ ይሞክርና ቀጭ ብሎ ይጠፋል። በአዳማ ሙቀት ደግሞ ወተት አያድርም። ባትሪ ተቀየረ፣ ሶላር ተጨመረ። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ኮምፕረሰሩ (የፍሪጁ ሞተር) ሊነሳ ሲል በቴስተር ለካን። ባትሪው ጋ 12.4 ቮልት፣ ፍሪጁ ጋ 10.3። እንዲህ ያሉ ፍሪጆች ብዙዎቹ 10.4 አካባቢ ሲደርሱ ባትሪውን ለማዳን ራሳቸውን ያጠፋሉ።

ጣጣው ገመዱ ነበር። ባትሪው ፊት፣ ማዕድ ቤቱ ኋላ ነው፤ መሃሉ 9 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 18። የተዘረጋው ባለ 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) የመብራት ሽቦ ነው። ለ220 ቮልት መብራት ይበቃል፤ ለዚህ ግን አይሆንም፤ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ቮልቱን መንገድ ላይ ይበላዋል።

ፖዘቲቩንም ኔጌቲቩንም በ10 ካሬ ቀየርናቸው። ባለ 15 አምፔር ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አደረግነው። አሁን ሲነሳ ፍሪጁ ጋ 12.1 ያሳያል። መዳብ ውድ ነው፤ ከአዲስ ባትሪ ግን ይረክሳል።