ፍሪላንስ ባርቴንደር ከመሆንዎ በፊት፦ ልምድ ሲቀስሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በግሉ እየተጠራ ድግስ ላይ የሚሠራ ባርቴንደር በረዶ ሲያልቅበት የሚሮጥለት፣ እንግዳ ሲቆጣ የሚገባለት ኃላፊ የለውም። ስለዚህ ልምድ ሲቀስሙ መማር ያለብዎት መጠጥ መቀመሙን ብቻ አይደለም።

ኮርስ እንደጨረሱ ሥራ መቀበል። ኔግሮኒ የሚባለው ኮክቴል ጂን፣ ካምፓሪ (መራራ ቀይ መጠጥ) እና ቀይ ጣፋጭ ቬርሙዝ (በቅመማ ቅመም የተዘጋጀ ወይን) እያንዳንዳቸው 30 ሚሊ ሊትር እንደሆነ በአንድ ቀን ይያዛል። አምስት ሰው በአንድ አፍ አምስት ዓይነት መጠጥ ሲያዝዎት አለመደናገር ግን ሥራ በሚበዛበት ባር ውስጥ ካልሆነ አይገኝም። ጠርሙስ ማሽከርከሩማ ቆይቶ ይደርሳል።

የረዳትነትን ሥራ መናቅ። ብርጭቆ ማጠብ፣ ሎሚ መቁረጥ፣ በረዶ መሙላት የሚያስጠላቸው ብዙ ናቸው። ነገ ግን ይህ ሁሉ የራስዎ ሥራ ነው። አንድ ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ፦ ጀማሪ ሲቸኩል በረዶውን በብርጭቆ ይዝቃል። ጫፉ ከተሸረፈ ስባሪው ከበረዶው አይለይም። ያን ጊዜ በረዶውን እንዳለ ደፍቶ፣ ማስቀመጫውን በደንብ አጥቦ እንደ አዲስ መሙላት ነው፤ ያውም ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ። ይህን በሰው ባር ያየ ሰው የበረዶ መዛቂያውን ቤቱ ረስቶ አይወጣም።

በዓይን ግምት መቅዳት። 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ በ45 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ ለ16 ብርጭቆ ይበቃል። በየብርጭቆው 10 ሚሊ ሊትር ካስበለጡ 13 ላይ ያልቃል። ባር ውስጥ ሌላ ጠርሙስ ይከፈታል፤ ድግስ ላይ ግን ያለው የተገዛው ብቻ ነው። እጅዎን በባዶ ጠርሙስና በውሃ ይፈትኑት፣ የቀዱትን መልሰው በመለኪያ ይስፈሩት። የባሩ ዕቃ ሲቆጠርና ሲታዘዝም ጠጋ ብለው ይዩ፤ ለ100 ሰው ስንት ጠርሙስ እንደሚያስፈልግ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

«ይበቃል» ማለትን አለመለማመድ። ከሁሉ የሚከብደው ይኸኛው ይመስለኛል። የሰከረው ሰው የከፋይዎ ወንድም ሊሆን ይችላል። ነባሮቹ እንዴት እንደሚይዙት ልብ ይበሉ፦ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ውሃ ያስቀድማሉ፣ በሰው ፊት አያሳፍሩም። ለብቻዎ ሲሠሩ ደግሞ ከደጋሹ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት።

የሚሠሩበትን ባር ደንበኞች መውሰድ። በሰው ባንኮኒ ላይ ቆሞ የራስን ስልክ ቁጥር ማደል ሥራ ያሳጣል። ኃላፊዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ የመጀመሪያ ድግስዎን የሚያገኙትም ብዙ ጊዜ በእነሱ ጥቆማ ነው።